ሰው የሞላበት ሜዳ

በትንሿ ከተማችን በጪጩ በተማርኩበት ትምህርት ቤት የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን ለመግባት መምጣት ብቻ ይበቃ ነበር። ትችያለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ ስድስት ሰው ያስፈልግ ነበር፣ መጣሁ፣ ተሰለፍኩ። ስድስት ሞልተን የተጫወትንባቸው ቀናት ግን ጥቂት ናቸው። ቡና ሲደርስ አንዳንዶቻችን ለቀማ ስለምንሄድ ሜዳ ላይ አራት፣ ቢበዛ አምስት እንሆን ነበር። ስለዚህ ኳስ ወደ እኛ ከተሻገረ የማን ነው ሳንል እንሮጣለን። እኔ በሩጫዬ እመሰገን ነበር።

ዘንድሮ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ለአንደኛ ዓመት ሴቶች ቡድን ምርጫ ስሄድ ከሠላሳ በላይ ልጆች ተሰልፈው አገኘሁ። መረብ ኳስ የምትጫወት ይህን ያህል ሴት ባንድ ላይ አይቼ አላውቅም። የሚፈለጉት አሥራ ሁለት ብቻ ናቸው። መመረጥ በጣም ፈልጌ ነበር፤ ከዶርሜ ልጆች በቀር ስሜን የሚያውቅ ሰው ገና አልነበረኝም።

"ቦታሽ የት ነው?" አሉኝ አሰልጣኙ።

"የትም እጫወታለሁ፣ ቲቸር።"

ከኋላ አቆሙኝ። ከፊቴ ከአዲስ አበባ የመጣች ረጅም ልጅ ነበረች። የመጀመሪያው ኳስ ወደ እሷ ሲመጣ ሮጬ መታሁት። ሁለተኛውንም እንደዚያው። በሦስተኛው ተጋጨንና ወደቀች።

"አንቺ፣ ሜዳውን ብቻሽን ተከራይተሽው ነው እንዴ?" አለችኝ፣ ጉልበቷን እያሻሸች። ሌሎቹ ሳቁ።

"ይቅርታ፣ ሰው የሌለበት መስሎኝ ነው።"

"ቆሜበት እኮ ነው።"

እውነቷን ነው። ከፊቴም ከጎኔም ሰው ነበር፤ ለእኔ ግን ሜዳው እንደለመድኩት ባዶ ሆኖ ይታየኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ፈርቼ ቆምኩ። ቀጣዩ ኳስ በመካከላችን ወደቀ፤ ሁለታችንም አልተንቀሳቀስንም።

"አሁን ደግሞ ተውሽው?" አለች፣ ሳቅ እየቀደማት። "'የኔ' በይ እንጂ። ካልሽ እኮ እለቅልሻለሁ።"

ጪጩ እንዲህ ብለን አናውቅም ነበር። በሚቀጥለው ኳስ "የኔ" አልኩ፣ ድምፄ ቀጥኖ። ልጅቷ ወደ ጎን ሸሸች፤ ኳሱን አስተካክዬ አቀበልኳት።

ስም ሲጠራ እሷ አለች፣ እኔ የለሁም። አሰልጣኙ ወረቀታቸውን ካጣጠፉ በኋላ ጠሩኝ።

"አንቺ አሥራ ሦስተኛ ሁኚ።"

"አሥራ ሦስተኛዋ ምን ታደርጋለች፣ ቲቸር?"

"ሰው እስኪጎድል ትጠብቃለች። ከልምምድ ግን አትቀርም።"

እንባዬ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት። እሺ ብዬ ልምምዱ ስንት ሰዓት እንደሆነ ረጅሟን ልጅ ለመጠየቅ ሄድኩ።