ሳትሞት የተለቀሰላት እህቴ

ጎንደር ውስጥ ሰላምታ ቶሎ አያልቅም። መጀመሪያ እንዴት አደርሽ ይባላል፣ ከዚያ ልጆች፣ ከዚያ ከብቱ፣ ከዚያ አማት፤ ሁሉም ደኅና መሆኑ ሲረጋገጥ ነው ወደ ጉዳይ የሚገባው። ታላቅ እህቴ ግን አዲስ ዓለም ሰፈር ባለው የቤተሰባችን ጨርቅ ሱቅ ባንኮኒ ጀርባ ቆማ፣ ደንበኛው ገና አፉን ሳይከፍት «ስንት ሜትር?» ትለው ነበር። ዓይን ዓይኑን አታየውም፤ የምታየው ጨርቁን ነው። ሌላው ነጋዴ አቡጀዲውን በመቀስ ጫፍ ነካ አድርጎ ጫር አድርጎ ሲቀደው፣ እሷ ያን ድምፅ ስለማትችለው ዳር እስከ ዳር ትቆርጠዋለች። ቀለሙ የሚለቅ ከሆነ ሳትጠየቅ «ይለቃል» ትላለች፤ አባታችን በሕይወት ሳለ በዚህ አመሏ ብዙ ጊዜ ራሱን ይዟል።

ሐኪሙ ኦቲዝም የሚለውን ቃል ሲነግረን እናቴ ቃሉን ደግማ ደጋግማ አለችውና፣ ሱቁ የሚከፈትበት ሰዓት ስለደረሰ እህቴን ይዛ ወጣች።

ከሚሌኒየሙ ጥቂት ዓመታት በኋላ የቴሌቪዥን ሰዎች መጡ። ለኅብረተሰቡ ግንዛቤ ለማስጨበጥ ነው አሉን። እናቴ ደግ ነገር መሰላትና አስገባቻቸው።

«ማዘር፣ ልዩ ችሎታዋ ምንድን ነው?» አላት ጋዜጠኛው።

«ጨርቅ ትሸጣለች።»

«እሱማ ጥሩ። ማለቴ ቁጥር በቃሏ ታባዛለች? ሥዕል ትስላለች? ፊልም ላይ እንደምናያቸው።»

«እኔ እንጃ ልጄ። መቀስ አያያዟ ሸጋ ነው።»

ጋዜጠኛው ቅር አለው። እህቴ ሊቅ ካልሆነች ምስኪን መሆን ነበረባት፤ ከሁለቱ ሌላ ነገር መኖሩ አልታየውም። ከባንኮኒው አስነሥተው ከኋላ ወዳለው ዕቃ ቤት ወሰዷትና ጆንያ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ እንድትቀመጥ ጠየቋት። ተቀመጪ ስትባል ተቀመጠች። እናቴንም «ማዘር፣ ትንሽ ቢያለቅሱልን» አሏት።

«ሽንኩርት ካመጣህ አለቅሳለሁ» አለችው።

ዝግጅቱ የተላለፈ ማታ ሰፈሩ በሙሉ ቤታችን ነበር። ዋሽንት ያለቅሳል፣ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆኗል፣ አንድ ወፍራም ድምፅ «በራሷ ዓለም የታሰረች» ይላል። ባንኮኒው፣ መቀሱ፣ «ስንት ሜትር» የሚባል ነገር የለም። እህቴ እስከ መጨረሻው ካየች በኋላ «ቀሚሴ አረንጓዴ ነው» አለች።

በማግስቱ ጧት ማክሰኝት የምትኖረው አክስታችን ዘመድ አስከትላ፣ እያለቀሰች ሱቁ ውስጥ ገባች። ዝግጅቱን ያየችው ጫጫታ የሞላበት ሻይ ቤት ውስጥ ነበር፤ የሚባለው አልተሰማትም። ጥቁርና ነጭ ምስል አይቶ ዋሽንት ከሰማ ሰው ምን ይጠበቃል? መርዶ መስሏታል። እህቴ ከባንኮኒው ጀርባ ቀና ብላ «ስንት ሜትር?» አለቻት።

አክስታችን አግዳሚው ላይ ዘፍ አለች። «ሞታለች ብለን እኮ ነው የመጣን።»

«አልሞትኩም። ስንት ሜትር?»

ያን ቀን ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። አክስታችን ምሳ በልታ፣ ካፈርኩ አይቀር ብላ የቀሚስ ጨርቅም ገዝታ ሄደች።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። እህቴ የዋጋ ክርክር ትወዳለች፤ ሥርዓት አለው፦ እሷ ትጠራለች፣ ደንበኛው ይደነግጣል፣ ወደ በሩ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ከዚያ ዝግጅት በኋላ የሚከራከራት ጠፋ። የጠራችውን ከፍለው «አይዞሽ» እያሉ ትከሻዋን ይዳስሳሉ፤ እሷ ደግሞ መነካት አትወድም። አንዳንዱ አፍንጫዋ ሥር ቆሞ እኔን «ትሰማለች?» ይለኛል።

«ምነው አይከራከሩኝም?» አለችኝ አንድ ቀን።

ከዚያ ወዲያ ጧት ጧት ዕቃ ቤት ገብታ እዚያው ጆንያ ላይ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ መቀመጥ ጀመረች። «ቦታሽ እዚህ ነው አሉ» አለችን። እናቴ ለመነቻት፣ እኔ ተቆጣሁ፤ የሚሰማን የለም። እንዲሁ ግድግዳ እያየች መቅረቷ ነው ብዬ ፈራሁ።

አንድ ቅዳሜ ከትክል ድንጋይ የምትመጣ ደንበኛችን ገባች። ቤቷ ቴሌቪዥን የለም። ሰላምታውን አንድም ሳታስቀር ከጨረሰች በኋላ «ያች ልጅ የታለች?» አለችኝ።

«ዛሬ እኔ ልሽጥልሽ።»

«አንቺማ ቀደሽ ነው የምትሰጪ። ያችን ጥሪልኝ። የሸጠችልኝ ጨርቅ ቀለሙ ለቆ የቤቱን ልብስ ሁሉ አበላሸብኝ።»

ከዕቃ ቤት ድምፅ መጣ። «ይለቃል ብዬሻለሁ።»

«ይህን ያህል ይለቃል ብለሽኛል?»

እህቴ በሩ ላይ ብቅ አለች። «በቀዝቃዛ ውኃ እጠቢ ብዬሻለሁ። በሙቅ ነው ያጠብሽው።»

«ምነው፣ በዚህ ብርድ እጄ ይድረቅ?»

«ስንት ሜትር?» አለች እህቴ፤ ወደ ባንኮኒው መጥታ መቀሱን ከእጄ ወሰደችው።

ተያያዙት። ሴትዮዋ ደነገጠች፣ ተሳደበች፣ ወደ በሩ ሄደች፣ ተመለሰች። «አንቺ ጨካኝ፣ አንድ ክንድ ብትመርቂልኝ ምን ይጎድልብሻል?»

«አልመርቅም።»

እናቴ በሩ አጠገብ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ነበር። የሻሿን ጫፍ ወደ ዓይኗ ስትስብ አየኋት። ሽንኩርት አልነበረም፣ ካሜራም አልነበረም።