ፍየል የበላችው ጤና አዳም

መቐለ ከመጣሁ በአራተኛው ዓመት የተከራየሁት ክፍል ወደ ኵሓ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ፣ አውሮፕላን ሊያርፍ ዝቅ ባለ ቁጥር የጣሪያው ቆርቆሮ የሚንቀጠቀጥበት ግቢ ውስጥ ነበር። እኔ የሸዋ ልጅ ነኝ፤ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ከእኔ ቀጥሎ ያለውን ክፍል የያዙት የወሎ ሴት ናቸው። በሙሽርነታቸው ነጋዴ ባላቸውን ተከትለው መጡ። ባላቸው ሲሞቱ «ወደ አገርሽ ተመለሺ» ያላቸውን ሁሉ «አገሬ እዚህ ነው» ብለው መለሱ። ያንን ክፉ የጦርነት ጊዜም ከሰፈሩ ሰው ጋር እኩል ተርበው፣ እኩል ፈርተው አሳለፉት። እኔ እትዬ እላቸዋለሁ፤ ሰፈሩ ደግሞ ኣደይ ይላቸዋል፣ እናቴ ማለት ነው።

የሚተዳደሩት ቅጠል በመሸጥ ነው። በሶብላውንና ኮሰረቱን ከገበሬ ይገዛሉ፤ ጤና አዳሙን ግን ራሳቸው በግቢያችን ያበቅሉታል። በባዶ የቀለም ቆርቆሮና አፉ በተቆረጠ ጀሪካን ተክለው፣ ከግንቡ ሥር ደርድረው፣ ፊታቸውን የታጠቡበትን ውኃ ሳይቀር ያጠጡታል።

አንድ ዓመት የአከራያችን ፍየል ገመዷን በጥሳ ገባችና ትልቁን ጤና አዳም እስከ ጉቶው ጋጠችው። ፍየል ጤና አዳም አትበላም የሚለኝ ሰው አለ፤ ይቺ በላች። ሌላ ሰው ቢሆን ጉቶውን ነቅሎ ይጥለው ነበር። እትዬ ግን «አብሽር» አሉት፣ ለሰው አይዞህ እንደሚሉት። ትንሽ ቆይቶ ከቁስሉ ጠርዝ አንዲት ቀንበጥ ወጣች። ቅጠሏ ከሌሎቹ ወፈር፣ ጠቆር ያለ፣ ሲነኩት እጅ ላይ የሚቀር ሽታ ያለው ሆነ። እትዬ ያቺን ቀንበጥ ቆርጠው ለብቻዋ ተከሏት። ከእሷም እየቆረጡ ሌላ፣ ከሌላውም ሌላ፤ በሦስት ዓመት ዘጠኝ ቆርቆሮ ሞላ። ገዢዎቻቸው «ከዚያ ከወፍራሙ ስጪኝ» ማለት ጀመሩ።

እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝ ባይዋ፣ በዚያ ተክል አጠገብ በቀን አራት ጊዜ እያለፍኩ አንድም ቀን ጎንበስ ብዬ አላየሁትም።

አንድ ቅዳሜ እትዬ ከገበያ በጊዜ ተመለሱ። እሥሮቹ እንዳሉ ናቸው።

«ምነው እትዬ? ገበያው ቀዘቀዘ?»

«ተከለከልኩ።» እሥሩን መሬት ላይ አስቀመጡና ነጠላቸውን አራገፉ። «ያቺ ከጎኔ የምትቀመጠው ለኮሚቴው ከስሳኛለች። ጤና አዳም አይደለም፣ ኬሚካል እየረጨች ነው የምታሳብጠው ብላለች። ደግሞ አንዷ ገዢ ባሌን ሆዱን አመመው አለች። እስኪጣራ ድረስ እንዳትቀመጪ ተባልኩ።»

«ኬሚካል? ከየት አምጥተው?»

«እኔም እሱን ነው ያልኩት! የራሴን ውኃ ጥም ያልቆረጥኩ ሴት ለቅጠል ኬሚካል ልገዛ? ማስረጃ አምጪ አሉኝ። ምን ማስረጃ አለኝ? ቅጠሉ አፍ አውጥቶ ይናገርልኝ?»

ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ቅጠሉን እጄ ላይ አድርጌ ያየሁት። አጠገቡ ካለው ከተራው ጤና አዳም ቆርጬ አስተያየሁት። ቅርጹ ያው ነው፣ አበባው ያው ቢጫ ነው፤ ሁሉም ነገር ግን ተለቅ ብሏል። ተለቅ ብሎም ዘር የለውም፤ ፍሬው ሲፈረከስ ባዶ ነው ለማለት ይቻላል። የፍየሏን ታሪክ ሲነግሩኝ ገባኝ። በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ልጆቹን የማስተኛበት ምዕራፍ ግቢዬ ውስጥ በቅሏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማንኛውም ሕዋስ ለሁለት ከመከፈሉ በፊት ክሮሞሶሞቹን፣ ማለትም ጠባዩ ሁሉ የተጻፈባቸውን ክሮች፣ እጥፍ ያደርጋቸዋል። አንዳንዴ፣ በተለይ ቁስል በሚድንበት ቦታ፣ ሕዋሱ ካጠፈ በኋላ ሳይከፈል ይቀራል። ያኔ ሁለት እጥፍ ይዞ ይኖራል፤ ከእሱ የሚወጣው ቀንበጥም ሁለት እጥፍ ይሸከማል። ሰውና አብዛኛው እንስሳ ይህን ሸክም አይችሉትም። ዕፅዋት ይችሉታል። ተራው ተክል ክሮቹን በሁለት እጅ ይይዛል፤ ስንዴ ግን ስድስት እጅ ይዞ ነው ዳቧችን የሆነው፤ ጤፍም አራት እጅ ይዞ ነው እንጀራችን የሆነው፤ የትግራይ በለስ ስምንት ነው ይላሉ። የምንበላው ሙዝ ሦስት እጅ ስለሆነ ለሁለት እኩል መካፈል አቅቶት ነው ዘር የሌለው። የእትዬም ተክል፣ ጥርጣሬዬ ልክ ከሆነ፣ መርዝ ሳይሆን ከስንዴና ከጤፍ ወገን ነው።

ይህን ስነግራቸው እትዬ «ታዲያ ይህን ለእነሱ ንገሪልኛ» አሉ።

«በቃል አያምኑም። ክሮቹን መቁጠር አለብኝ።»

«ቁጠሪያ!»

በቀላሉ የሚቆጠር አይደለም። ሰኞ ጠዋት ከሁለቱም ዓይነት የለጋ ሥር ጫፍ ቆረጥኩ፤ አልኮልና አሴቲክ አሲድ ውስጥ አሳደርኩት። ከቤተ ሙከራው መደርደሪያ የተረፈች ግማሽ ጠርሙስ ቀይ ማቅለሚያ ነበረች። ሥሩን በእሷ ነክሬ፣ በኩራዝ አሙቄ፣ በሁለት መስታወት መሃል አድርጌ በአውራ ጣቴ ደፈጠጥኩት። ማክሰኞ አልሆነም። ረቡዕ መስታወቱ ተሰበረ። ሐሙስ በዕረፍት ሰዓት በተራው ጤና አዳም ሥር ውስጥ ክሮቹ የተበተኑበት አንድ ሕዋስ አገኘሁና ቆጠርኩ፤ ሠላሳ ስድስት፣ ሲደገም ሠላሳ ስምንት። በወፍራሙ ውስጥ ደግሞ እየቆጠርኩ ሰባን ካለፍኩ በኋላ ተደራርበው ጠፉኝ። አራት ጊዜ ደገምኩት፤ አራቱንም ጊዜ ሰባን አለፍኩ። ብቻዬን ስለነበርኩ ጠረጴዛውን በመዳፌ መታሁት።

ዳይሬክተራችን ማይክሮስኮፑን ለቅዳሜ አውሰኝ ስለው በወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠ።

«የት ልትወስጂው ነው?»

«ገበያ።»

«የመንግሥት ንብረት ገበያ አይወጣም፣ መምህር። ለቅጠል ሻጭ ብለሽ ሥራሽን አታበላሺ።»

«ይኼ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ የሚያስተምረው ለማን ነው?» አልኩት። «ሰኞ ጠዋት መደርደሪያው ላይ ካጣኸው እኔን አባርረኝ። ፈርሜ ነው የምወስደው።»

ፈቀድኩ አላለም፤ አልፈቅድም እስኪልም አልጠበቅሁም። መዝገቡ ላይ ፈርሜ፣ ማይክሮስኮፑን በሹራብ ጠቅልዬ፣ ዓርብ ከሰዓት በዋናው በር በዘበኛው ፊት ይዤው ወጣሁ። አሮጌ ነው፤ መብራት የለውም፣ ብርሃን የሚወስደው ከሥሩ ባለች ክብ መስታወት ከፀሐይ ነው። ለዚያ ቀን ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አልነበረም።

ቅዳሜ እትዬ ከሌላው ቀን በልጦ ለበሱ። ዘወትር በሚቀመጡበት ቦታ የማዳበሪያ ከረጢታቸውን አነጠፉ፤ አንድ ጎን ተራውን፣ አንድ ጎን ወፍራሙን አሰለፉ። ከሳሻቸው፣ በዕድሜ ከእሳቸው ጥቂት የምታንስ ሴት፣ ከጎን ሆና «ኣንቲ፣ ተከልክለሽ የለም እንዴ?» አለች።

«ተከልክያለሁ» አሉ እትዬ። «ተቀምጫለሁም።»

የኮሚቴው ሰብሳቢ ብዙም ሳይቆይ መጣ፤ ረጅም፣ ትሑት አነጋገር ያለው ሰው ነው። «ኣደይ፣ እኛ ክፋት የለንም። የሰው ሐሜት ስላለ ነው። ትንሽ ይታገሡን።»

«ታገሥኩ። አሁን አንተ ታገሠኝ» አሉና ወደ እኔ ጠቆሙት።

ሽንኩርት በሚጫንበት ሣጥን ላይ ማይክሮስኮፑን አስቀምጬ ነበር። የሥሩን ጉዳይ በገበያ መሃል ማሳየት እንደማይሆንልኝ አውቄዋለሁ፤ ስለዚህ ማንም ሊያየው የሚችለውን መረጥኩ። ከሁለቱም ዓይነት ቅጠል ጀርባ ላይ ውኃ የመሰለ የጥፍር ቀለም ቀባሁ፤ ሲደርቅ እንደ ቆዳ ላጥኩት። ቅጠል የሚተነፍስባቸው ትንንሽ አፎች አሉት፤ በልጣጩ ላይ ቅርጻቸው ታትሞ ይቀራል። ክሮሞሶሙ እጥፍ የሆነ ተክል ሕዋሱ ስለሚተልቅ አፎቹም ይተልቃሉ፣ ቁጥራቸው ግን ይሳሳል።

ሰብሳቢው ጎንበስ ብሎ አየ። «የሩዝ ፍሬ ይመስላል» አለ።

«ይኼ የተራው ነው። አሁን ደግሞ ይኼን።»

ሁለተኛውን ሲያይ ቆየ። «እንታይ'ዩ እዚ?» አለ ለራሱ፣ ምንድን ነው ይኼ ማለቱ ነው። «ይሄኛው እንደ ባቄላ ነው!»

«ያው ተክል ነው። ቅርጹ አንድ ነው፣ መጠኑ ነው የተለየው። የሚረጭ ነገር ለአንድ ክረምት ቅጠል ሊያሳብጥ ይችላል፤ ተቆርጦ፣ እንደገና ተተክሎ፣ ዘጠኝ ቆርቆሮ ውስጥ ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ እንዲሆን ግን አያደርግም። ይህ ከውስጡ ነው።» ስለ ስንዴው፣ ስለ ጤፉ፣ ስለ በለሱ ነገርኩት። በለስ ስል አካባቢው ጆሮውን አቀና። ቅጠል የሚሸጡት ሴቶች አንድ በአንድ መጥተው ዓይናቸውን ደገኑ። አንዷ መስታወቷን በጥላዋ ስለጋረደችው «ጨልሟል፣ አይታይም» ብላ ተጣላችኝ።

«ከወሎ ያመጣችው ተክል ነው» አለች ከሳሽዋ፣ ሳትነሣ።

እትዬ ያን ጊዜ ነው ድምፃቸው ከፍ ያለው። «ከወሎ የመጣሁት እኔ ነኝ! ይኼ የተወለደው እዚሁ ነው። የዚህ አገር ፍየል በልታው፣ በዚህ አገር ውኃ የዳነ ነው። እኔንም ቢሆን ከዚህ የሚያስነሣኝ የለም።»

ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገ። «ትልቅነቱን አየን፣ ኣደይ። አለመጉዳቱንስ?»

እትዬ ከእሥሩ አንዲት ቀንበጥ መዝዘው፣ አፋቸው ውስጥ ከትተው፣ ዓይን ዓይኑን እያዩት ፊታቸው በምሬቱ ሳይኮማተር አኝከው ዋጡት። ከዚያ ሁለተኛ ቀንበጥ መዝዘው ዘረጉለት። ሰውየው ቀንበጡን ተቀበለ፤ አልበላውም፣ አልጣለውምም፤ የኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። በዙሪያው ያሉት ሴቶች ሳቁ።

ሊሄድ ሲል አንድ ወረቀት አወጣ። «ቅጠሉ ከተለመደው የተለየ መሆኑን አምኜ ለሚመጣው ሁሉ ኃላፊ ነኝ» የሚል ነው፤ ፈርመው ይቀመጡ ተባለ።

«ያቺ ለራሷ ቅጠል ትፈርማለች?» አሉ እትዬ።

«እሷ አልተከሰሰችም።»

«እንግዲያው እኔም አልፈርምም። ሁላችንም ስንፈርም እፈርማለሁ።»

ወረቀቱን አጥፎ ወሰደው። እስከ ዛሬ ተመልሶ አልመጣም፤ እገዳው ይነሣ ብሎም አልጻፈም። እትዬ በሚቀጥለው ቅዳሜም፣ በሌላውም ቅዳሜ ተቀመጡ። ማይክሮስኮፑን ሰኞ ጠዋት መደርደሪያው ላይ መለስኩት። ዳይሬክተሩ ለሁለት ወር ያህል ሰላምታዬን በግንባሩ ብቻ መለሰልኝ።

ሁሉም ነገር አማረ ብዬ አልዋሽም። ገዢዋ ባሏን ምን እንዳመመው አላወቅንም፤ ዳግመኛም አልመጣችም። በዚያው በጋ ውኃ ሳምንታት ሙሉ ጠፋ። ወፍራሙ ጤና አዳም አዝጋሚ ነው፤ ከደረቀ ቶሎ አያገግምም፣ ዘር ስለሌለውም ራሱን አይተካም። ከዘጠኙ ስድስቱ ሞቱ። መጽሐፉም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ትልቅነት በነፃ አይገኝም። ከሞቱት መሃል ቆመን ሳለን ከሳሽዋ ሴት ወደ ግቢያችን መጣችና ከተረፈው አንድ ቀንበጥ እንዲሰጧት ለመነች። እኔ በእሳቸው ቦታ ብሆን አልሰጥም ነበር። እትዬ ቆርጠው ሰጧት፤ «በደንብ ካልያዝሽው እኔ ነኝ የምከስስሽ» ብለው።

ባለፈው ዓመት እኔም ግትር ሆንኩ። የተራውን አበባ ብናኝ በወፍራሙ ላይ አደረግሁ። ሁለት እጅና አራት እጅ ሲጋቡ ሦስት እጅ ይወለዳል፤ ያ ደግሞ፣ ከበቀለ፣ እንደ ሙዝ መካን ነው። ተማሪዎቼ «ታዲያ ለምን ትደክሚያለሽ?» አሉኝ። አሥራ አንድ የሞሉ ዘሮች አገኘሁና ሁሉንም ዘራሁ። ዘጠኙ ሳይበቅሉ ቀሩ፤ ሁለቱ በቅለዋል። ቁመታቸው ከጣቴ አይበልጥም። የሥራቸውን ክሮች ገና አልቆጠርኩም።