የልብስ ሰፊው እግር

የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ስኳሩ ጨምሮበት እግሩ ተቆረጠ ተባለ። ወሬው ፀጉር ቤት ሲደርስ ሁለቱም እግሮቹ ሄደዋል፤ ዳቦ ቤት ሲደርስ እጁም ተጨምሯል። እኔ ግን ተጠራጠርኩ። የፔዳል ስፌት መኪናው ሲንኳኳ እሰማለሁ፤ ታዲያ በየትኛው እግሩ ነው የሚረግጠው?

ሱቁ ገብቼ "ጋሼ፣ እግርዎ እንዴት ነው?" ስል ሚስቱ ቀደመችው።

"ሦስት ቀን ሙሉ የስፌት መርፌዬን የት ጣልሽው እያለ ሲነዘንዘኝ፣ ለካ የእግሩ ጣት ውስጥ ኖሯል። ስኳሩ አደንዝዞት አልተሰማውም። ሐኪሙ ቁስሉ ካልደረቀ ጣቱ ይቆረጣል አለን። ወር ሙሉ ሳጥብና ሳሽግ ከረምኩ።"

ልብስ ሰፊው ካልሲውን አውልቆ እግሩን መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ሰቀለው።

"ቁጠር። አምስት ጣት ነው፤ ቁስሉም ደርቋል። እግሬ አልተቆረጠም፤ ሌላኛውም አልተቆረጠም፤ እጄም ይኸው። የሰማኸው ሁሉ ውሸት ነው።"