ሊማሊሞ ላይ ያልጠበቅኋቸው መሪጌታ

ይህን ከእኔና ከእግዚአብሔር በቀር የሚያውቅ የለም። ለሚስቴ አልነገርሁም። ለነፍስ አባቴማ እንዴት ብዬ? ለምን እንዳልነገርኋቸው ወደ ኋላ ትረዱታላችሁ።

ከደባርቅ ዛሪማ፣ በሊማሊሞ ቁልቁለት፣ ሚኒባስ እነዳ ነበር። በትርፍ ጭነት ሰው እያለቀ ቁጥጥሩ የጠበቀበት ጊዜ ነው፤ ከወንበር በላይ አንድ ሰው ከተገኘ መንጃ ፈቃድ ይነጠቃል። እኛ ግን መላ አናጣም። ትርፎቹን ከኬላው በፊት እናወርዳቸዋለን፤ በእግራቸው አቋራጩን ይወርዳሉ። እኛ ለትራፊኩ ሰላምታ ሰጥተን እናልፍና ከታች ጥምዝምዙ ላይ እንጭናቸዋለን። ተሳፋሪውም ለምዶት ነበር፤ እንደ መረዳዳት ነበር የሚያየው።

በዚያ ቅዳሜ ሦስት ትርፍ ነበረኝ። ሁለቱ ጎረምሶች ናቸው። ሦስተኛው መሪጌታ ይትባረክ፣ ዛሪማ የተዳረች ልጃቸውን ሊጠይቁ የሚሄዱ የዳባት ሽማግሌ። ዓይናቸው ደክሟል። አውቅ ነበር፤ ክንዳቸውን ይዤ ያሳፈርኋቸው እኔ ነኝ። አንዱን ወጣት ከወንበሩ አስነስቼ እሳቸውን ማስቀመጥ እችል ነበር። ለምን አላደረግሁትም? መጨረሻ የተሳፈረ ይወርዳል የሚል ደንብ ስለነበረን? አይደለም። መጨቃጨቅ ሰልችቶኝ ነው።

ሲወርዱ እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ ጉሙ እየመጣ ነው። ትጠብቀኛለህ?»

«እጠብቅዎታለሁ አባቴ፤ አይስጉ» አልኋቸው።

ከታች ደርሼ ቆምሁ። ጎረምሶቹ እየሮጡ መጡ፤ መሪጌታን አላየንም አሉ። ጉሙ መንገዱን ሸፈነው። ምን ያህል ጠበቅሁ? ራሴን በጠየቅሁ ቁጥር ጊዜው ያጥርብኛል። ከላይ የወረደ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ትራፊኮቹ በሞተር እየወረዱ መሆናቸውን በመስኮት ነግሮኝ አለፈ። ደንግጬ መኪናዬን አስነሣሁ። ተሳፋሪዎቹ መሪጌታስ ሲሉኝ፣ ካወረድኋቸው በኋላ ወደ ደባርቅ ሲመለሱ በመስታወት አይቻቸዋለሁ አልሁ።

ፍርሃት ነው ያዋሸኝ እንዳልል በማግስቱ ወንድ ልጃቸው መጥቶ ሲጠይቀኝ ደገምሁት። ለፖሊስም ደገምሁት። አገሩ ሁሉ ወጥቶ በደባርቅና በዳባት መሀል ፈለጋቸው፤ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ። ይታያችሁ፣ እኔም ስማቸውን እየጠራሁ አብሬ ፈለግሁ። ብቻዬን አቋራጩን ወርጄ ማየት አልችልም ነበር? እችል ነበር። ባገኛቸው ውሸቴ ይገለጣል ብዬ ፈራሁ። ሰው ሽማግሌን ከነነፍሳቸው ማግኘት ይፈራል? እኔ ፈራሁ።

በአራተኛው ቀን እንጨት ለቃሚዎች አገኟቸው፤ ከአቋራጩ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ የመኪና ድምፅ በሚሰማበት ቦታ። የተሰበረ እግራቸውን በጥምጣማቸው አስረውታል። ካረፉ ቀን አልሞላቸውም አሉ ያዩዋቸው። በእነዚያ ቀናት እኔ ሥራዬን አላቋረጥሁም። በዚያው መንገድ ወርጃለሁ፣ ወጥቻለሁ፤ ጥምዝምዙ ላይ ሁሉ ክላክስ ነፍቻለሁ። ሰምተውኝ ይሆን? መጣ ብለው ተጣርተው ይሆን?

አሁን የታክሲ ቁጥጥር ይጥበቅ ተብሎ በተሰበሰብን ቁጥር ከሁሉ በላይ የምጮኸው እኔ ነኝ። ሰው ይመርቀኛል። ያን ጊዜ መጥተው የጠየቁኝ የመሪጌታ ልጅ ዛሬ ቄስ ናቸው፤ የቀድሞው ነፍስ አባታችን ሲያርፉ ሚስቴ ለምና ለቤታችን ያመጣቻቸው እሳቸውን ነው። ባለፈው ከስብሰባ ስንወጣ ትከሻዬን ይዘው፣ «አባቴን የበላው የሕግ መላላት ነው። አንተ እንዲህ ስትጠነክር ደስ ይለኛል» አሉኝ።

መስቀላቸውን ተሳለምሁ። ሕጉ ያን ቀን ጠንካራ ነበር። እጠብቃለሁ ብዬ የተውኋቸው እኔ ነኝ። እንዳይፈለጉ ያደረግሁም እኔ ነኝ።

እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም፤ ይቅርታው የእናንተ አይደለም። የይቅርታው ባለቤት፣ ልጃቸው፣ ሰኞ ጠበል ሊረጩ ቤቴ ይመጣሉ። ባርከውኝ ይሄዳሉ፤ እኔም አሜን እላለሁ። ለእሳቸው ሳልናገር ለእናንተ መናገሬ ያው ሽሽት ነው።