ነጭ አበባ በነጭ ጋቢ ላይ

በደርግ ዘመን የቀበሌ መታወቂያ ይታደስ የተባለ ሰሞን፣ ጳውሎስ አካባቢ የነበረ አንድ ፎቶ ቤት ሰልፉን አልቻለውም። ባለቤቱ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ረጋ ያሉ ሰው ነበሩ። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ቤት ከተቀመጥኩ ከራርሜ ነበር። ለመታወቂያ ልነሳ ሄጄ ስለ ካሜራው በጥያቄ ሳደርቃቸው፣ «ይልቅ ለምን እዚሁ መጥተሽ እየሠራሽ አትማሪም?» አሉኝ። ከዚያ ሽሮ ሜዳ እስካለው ቤታችን ድረስ መሬት የረገጥኩ አይመስለኝም።

አባቴ የጋቢ ሸማኔ ነበሩ። የሰው ሥራ ላይ እንከን መልቀም ነፍሳቸው ነው። ነገሩን ስነግራቸው ከሽመና ጉድጓዳቸው ቀና እንኳ አላሉም።

«ጠቅ ማድረግ ደግሞ ሥራ ሆነ? ሥራ ማለት ክሩ የሚቆጠር ነው» አሉ።

ምላስ የወረስኩት ከሳቸው ስለሆነ፣ «የፎቶም ክሩ ይቆጠራል!» አልኩ።

አባባ ሳቁ። በበሩ አሻግረው አጥራችን ላይ የተንዠረገገውን ቀጋ አሳዩኝ። አበባው ነጭ ነው፤ መሀሉ ላይ ቀጫጭን ቢጫ ክሮች አሉት። «የዚያችን አበባ ክሮች አንድ ባንድ የምቆጥርበት ፎቶ አምጪልኝ። ከቆጠርኩ ትሄጃለሽ። ካልቆጠርኩ ግን ይህን ወሬ ሁለተኛ እንዳልሰማ።»

ጋሼ ጉዳዩን ሲሰሙ፣ «ሰው የሌለበት ፎቶ? ያውም ለአበባ?» ብለው ተገረሙ፤ ግን አልጨከኑብኝም። አሮጌ ካሜራ አውጥተው፣ በካሜራውና በሌንሱ መሀል አንድ የብረት ቀለበት አስገቡበት። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ከመታወቂያ የተረፈ አራት ፎቶ ብቻ ቀርቶታል። «ከቀለበቱ ጋር ካሜራው ሩቅ አያይም፤ የሚያየው አንድ ስንዝር ላይ ያለውን ብቻ ነው። ከዚያ በፀጉር ብትርቂም ብትቀርቢም ይደበዝዛል» አሉኝ።

መቼ ሰማሁ! ከሰዓት በኋላ፣ የእንጦጦ ነፋስ አጥሩን በሚያወዛውዝበት ሰዓት፣ አራቱንም ጠቅ ጠቅ አድርጌ ጨረስኩ። ሲታጠቡ አራቱም ላይ ያለው የፈሰሰ ወተት ይመስላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ፊልም ግን አንዴ ከፈሰሰ አይለቀምም። በንዴት አጥሩን በእርግጫ ስመታው ቀጋው በእሾሁ አጸፋውን መለሰልኝ።

ጋሼ ሁለት ፎቶ ብቻ የቀረው ሌላ ፊልም ሰጡኝ። «ከዚህ ወዲያ የለኝም» አሉ። እኔም ከዚህ ወዲያ ዕድል እንደሌለኝ ገባኝ።

አሁን ገና ማሰብ ጀመርኩ። ነፋሱ ሳይነሳ ማለዳ ወጣሁ። ከአባባ ክር አንድ ስንዝር ቆርጬ ጫፉን ቋጠርኩና ሌላውን ጫፍ ሌንሱ ላይ አሰርኩት።

«ክሬን ምን ልታደርጊው ነው?» አሉ አባባ ከቤት ወጥተው።

«ርቀት ልለካበት ነው። ቋጠሮው አበባዋን ሲነካ ነው የማነሳው።»

በክር መለካቱ ሳይጥማቸው አልቀረም፤ ቆመው ያዩኝ ጀመር። ልክ ቋጠሮው አበባዋን ሲነካ ግን ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ነፋስ መጣና አበባዋ ራሷን ትነቀንቅ ገባች። አባባ ሥራ ሲበላሽ ቆመው ማየት አይችሉም። ገብተው ማታ የጨረሱትን የደንበኛ ጋቢ ይዘው ወጡና ከአበባዋ ጀርባ በሁለት እጃቸው ወጠሩት። ነፋሱ ቆመ።

ግን ጋቢው ነጭ፣ አበባዋም ነጭ! ጋሼ ነጭ የለበሰ ሰው ሲመጣ ከኋላው ጥቁር ጨርቅ ሲሰቅሉ አይቻለሁ። ነጩ በነጭ ላይ ይጠፋል።

«አባባ፣ ሌላ ጨርቅ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ምን ሌላ? ለክብር ከነጭ ጋቢ የሚበልጥ አለ?»

ይህን ለሸማኔ ማን ደፍሮ ይመልሳል? ደግሞም የሰው ጋቢ እሾህ ላይ ወጥረውልኛል። ወደድኳቸው፤ ተናደድኩባቸውም። ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ሁለቱንም አነሳሁ።

ከሦስት ቀን በኋላ ጋሼ ፎቶውን እየሳቁ ሰጡኝ። ነጫጭ የአበባ ቅጠሎቿ የሉም፤ ነጩ ጋቢ ውጧቸዋል። መሀል ያሉት ቢጫ ክሮች ግን ጠቆር ብለው፣ እያንዳንዳቸው ከነጭንቅላታቸው፣ ነጠላ ላይ እንዳረፈ ጥለት ለብቻቸው ቆመዋል። ዙሪያቸው ነጭ ብቻ ስለሆነ የሚጋርዳቸው ነገር አልነበረም።

አባባ መርፌ አንስተው በጫፉ እየጠቆሙ ቆጠሩ። መሀል ላይ ተሳሳቱ፤ ተራግመው እንደገና ጀመሩ። እኔ ደፍ ላይ ቆሜ የመርፌውን ጫፍ በዓይኔ እከተላለሁ። ቆጥረው ሲጨርሱ ፊታቸው ጠቆረ።

«ጋቢዬስ?»

«ምን ሆነ አባባ?»

«ደብዝዟል እኮ! የአበባዋ ክር ሲቆጠር የኔ ክር የት ገባ? ይህን የሚያይ ሰው ሸማኔ ነው ይለኛል?»

ካሜራው አንድ ስንዝር ላይ ያለውን እንጂ ከኋላው ያለውን አጥርቶ እንደማያይ ነገርኳቸው።

«እሱን ማስተካከል ሰውዬው ያውቁበታል?»

«ጋሼ? ያውቁበታል።»

«እንግዲያው ነገ በጠዋት ሂጂ። የአባትሽን ጋቢ ክሩ እስኪቆጠር አድርገሽ ማንሳት ሳትችዪ ከዚያ ቤት እንዳትወጪ።»

ደስታው እንባ ሆኖ መጣብኝ። ጉልበታቸውን ስሜ ቀና ስል አባባ እንደገና መቁጠር ጀምረው ነበር።