የአቶ ዕንባቆም ስለት

ይህን ጽሑፍ ልተወው ጥቂት ነበር የቀረኝ። የአቶ ዕንባቆምን ሕይወት ለመተረክ ከእኔ የተሻለ ብዕር ያስፈልጋል ብዬ ሁለት ጊዜ ጀምሬ አቁሜአለሁ፤ ሆኖም የተሻለው ብዕር እስኪመጣ ታሪኩ እንዳይጠፋ ሰጋሁ።

አቶ ዕንባቆም ስቶክሆልም፣ ቮርቢ ጎርድ የሚኖሩ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። በወጣትነታቸው፣ በደርግ ዘመን፣ አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ ቤት ሥር በተቆፈረ ጨለማ ክፍል ሰባት ወር ታስረው ነበር። እዚያ ሳሉ ለጴጥሮስ ወጳውሎስ ተሳሉ፤ «ከዚህ ካወጣችሁኝ፣ እናንተ ከታሰራችሁበት ድረስ መጥቼ እሳለማለሁ» አሉ። ወጡ። ስለቱ ግን ሃያ ስምንት ዓመት ሳይገባ ቆየ፤ ከዚያ ወዲህ ከመሬት በታች መውረድ አልሆንላቸው ብሎ ነበርና። የምድር ውስጥ ባቡሩን ይሸሹ ነበር፤ የሕንፃው ልብስ ማጠቢያ ምድር ቤት ስለሆነም ልብሳቸውን በመታጠቢያ ገንዳ ያጥቡ ነበር።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2006 ቤተ ክርስቲያናቸው ወደ ሮም ጉዞ ሲያዘጋጅ፣ ልጃቸው ሶሲ ሳትነግራቸው አስመዘገበቻቸው።

ሐዋርያቱ ታስረውበታል ተብሎ የሚታመነው የጥንት ወህኒ ዛሬ ቤተ ጸሎት ነው፤ ጠባብ ደረጃ ቁልቁል ይወስዳል። አቶ ዕንባቆም ከደረጃው አፍ ላይ ቀጥ አሉ። ላብ አጠመቃቸው።

«ፓፓ፣ እዚሁ ሆነህ ጸልይ፤ ይሰሙሃል» አለች ሶሲ በስዊድንኛ።

«ስለት በሩቁ አይገባም፣ ልጄ።»

ቀድመው የወረዱት ጓደኛቸው አቶ ካሳዬ ከታች ተጣሩ፤ «ጋሼ፣ ምን ይጠብቃሉ? ይሄን ቦርጭ ያሳለፈ ደረጃ እርስዎን ያቅተዋል?»

አቶ ዕንባቆም ፈገግ አሉና ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ማሰሪያ መፍታት ጀመሩ፤ ቅዱስ ስፍራ በጫማ አይገባም። ጠባቂው እንደማያስፈልግ በእጁ አመለከተ። አልሰሙትም።

«ያን ጊዜ አስወልቀው ነው ያወረዱኝ» አሉ ጫማውን ለሶሲ እያቀበሉ። «ዛሬ ያወለቅሁት እኔ ነኝ።»

ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳበሱ አንድ ደረጃ ወረዱ፤ ቆሙ፤ ደግሞ ወረዱ። ፍርሃቱም አብሯቸው ወረደ፤ ግን እንደ እሳቸው ሸምግሎ፣ ጉልበቱ ዝሎ ነበር። በቀዝቃዛው ድንጋይ ላይ ተንበርክከው ተሳለሙ። ከቆይታ በኋላ ቀና ብለው፣

«ሶሲዬ፣ ነይ ውረጂ» አሉ። «ከእኔና ከካሳዬ ቦርጭ የተረፈ ቦታ አለ።»

የስደታችን ታሪክ በተጻፈ ጊዜ አቶ ዕንባቆም አንድ ገጽ ይገባቸዋል።