ሬዲዮው ዝም ያለበት ቀትር

መምህር ታደለ መስኮቱ ሥር ወንበራቸው ላይ አሸልበዋል፤ ጽጌ በሩ ላይ ቆማ ቆሎ ትቆረጥማለች፤ እኔ ጆሮዬን ሬዲዮው ላይ ለጥፌያለሁ። ባለፈው እሑድ ቀጨኔ ጽጌን ልጠይቅ ሄጄ፣ የልጅ ልጇ ከስልኳ ላይ ፀሐይ ላይ ፍንዳታ ደርሶ ሬዲዮ ሊቋረጥ ይችላል የሚል ዜና ስታነብልን ነው ያ ቀትር የመጣብኝ።

ትምህርት ቤታችን ጉለሌ ዳገቱ ላይ ነበር። መምህሩ ፀሐይ ስትፈነዳ ያው አጥንት የሚታይበት ራጅ ከእሷ እንደሚወጣ፣ የላይኛውን አየር ሲመታውም የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ድንገት እንደሚጠፋ ነግረውን፣ የጠፋበትን ሰዓት እንድንመዘግብ ለእኔና ለጽጌ ለየራሳችን ደብተር ሰጡን። ውጭ አገር ደግሞ ራጁን በሮኬት ባወጡት መሣሪያ የሚለኩ ሰዎች አሉ፤ ደብተሯ ከነሱ ልኬት ጋር የገጠመላት ልጅ ከተማችን ያለው የፀሐይ መመልከቻ ጣቢያ ትቀጠራለች። የዓለሙ ሰዓት እንዲሆን በእኛ ሰዓት ላይ ሦስት ጨምሩ ብለው ደጋግመው አስጠንቅቀውናል።

ለሳምንታት ምንም አልጠፋም። ያን ቀን ግን የሩቅ አገሩ ሬዲዮ ዜና በማንበብ ላይ እንዳለ እልም አለ፤ እየተጣደፍኩ ስድስት ከሃያ ብዬ ጻፍኩ። ጽጌ ቆሎዋን ዋጥ አድርጋ ስንት ሰዓት ላይ እንደጠፋ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። እሷ ዘጠኝ ከሃያ ብላ ጻፈች።

ከውጭ አገር ልኬቱ ሲመጣ መምህሩ ደብተሬን ገለጡ።

«ብርቄ፣ ያንቺ ፀሐይ ከዓለም ሦስት ሰዓት ቀድማ ፈነዳች።»

ክፍሉ ሳቀ፤ ጽጌም ሳቀች።

መመልከቻ ጣቢያው ጽጌን ቀጠረ። እኔ ሽሮ ሜዳ የአገር ልብስ ሸጥኩ። ነጭ ጋውኗን ለብሳ ከሰርቪስ ስትወርድ ባየኋት ቁጥር ጭቃ እንዲረጭባት እመኝ ነበር፤ አንድ ክረምት ተረጨባት፣ ምንም አልቀለለኝም። ስትዳር ሽንኩርት ከተፍኩላት፣ ስትወልድ ገንፎ ይዤ ሄድኩ፤ የምጠብቀው አንድ ቃል ነበር፤ ሰዓቱን የነገረችኝ ብርቄ ናት እንድትል። የእኔ ጥርስ አለቀ፣ የእሷ ፀጉር ነጣ፣ መምህሩም አረፉ፤ ያን ቀትር የምናውቅ ሁለታችን ብቻ ቀረን።

እሑድ ዕለት ጽጌ ለልጅ ልጇ ታሪኩን አወራችላት፤ መጥፋቱን የሰማችው ራሷ እንደሆነች አድርጋ። ስሜን እስክትጠራ ጠበቅሁ። ስትጨርስ ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺ ያን ቀን ቀርተሽ ነበር፣ አይደል ብርቄ?»

ነጠላዬን አስተካክዬ ወጣሁ።